የአጋሮ ወተት

ናርዲ ከደብረ ብርሃን ጅማ የመጣችው ለሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ሥራዋ የወተትን ፕሮቲን ቆራርጣ፣ መድኃኒት የለመደን ጀርም የሚገድል ቁራሽ መፈለግ ነው፤ ፔፕታይድ ይሉታል ቁራሹን። ወተቱን በየሐሙሱ ከአጋሮ የሚያመጣላት ዳባ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነበር። የተዋወቁት ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ እሷ ስለ ላም አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፣ እሱ ጅማ እስኪገቡ አወራላት። ከዚያ ወዲህ ወተቱን አስረክቦ ቶሎ አይሄድም። እሷም ቶሎ ሂድ አትለውም።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ ጀርሙ በተዘራበት ሳህን ላይ፣ የፔፕታይዱ ጠብታ ባረፈችበት ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ አየች። ጀርሙ ሞቷል። ከእናቷ በፊት የደወለችው ለዳባ ነው።

በማግስቱ ባዶ እጁን መጣ።

«ናርዲ፣ ደስ ብሎኝ ለላሟ ባለቤት ለወይዘሮ ከድጃ ነገርኳቸው። ለካ ላሟ ጡቷን ታማ በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው የጀርም መድኃኒት መርፌ ወግቷታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ወተቱ ውስጥ ይገባል። አላወቅሁም ነበር።»

«ታዲያ ጀርሙን የገደለው መርፌው ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሰኞ መምህራኑ ፊት እንደምቀርብ ታውቃለህ። ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ አውቅ ነበር።»

ናርዲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሂድ፣ ዳባ።»

ሰኞ ሳትቀርብ ቀረች። በቀጣዮቹ ሦስት ሐሙሶች ወተቱ በር ላይ ለጥበቃው እየተሰጠ ደረሳት፤ ከዕቃው ጋር የዳባ ወረቀት አለ፦ «ይቺኛዋ ሌላ ላም ናት። መድኃኒት አልነካትም። ራሴ ነኝ ያለብኳት።» ወረቀቱን ደጋግማ ታነባለች፤ ስልክ ግን አታነሳም።

ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሦስቱም ላይ ክቡ ወጣ፤ እንደ በፊቱ ሰፊ አይደለም፣ ግን አለ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከዚያ ጋዋኗን አውልቃ አጋሮ ሄደች።

ዳባን ከወይዘሮ ከድጃ በረት ፊት፣ እጁን እስከ ክርኑ ሲታጠብ አገኘችው።

«ሠራ» አለችው።

«ያለ መርፌው?»

«ያለ መርፌው።»

«እሰይ» አለና እጁን ሳያደርቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሦስቱን ሳምንት እንዴት እንደከረመ ፊቱ ይናገር ነበር።

«ተቀይሜህ ነበር» አለች አጠገቡ እየተቀመጠች። «ዝም ብለህ ቢሆን ግን፣ አንድ ቀን ሳውቀው አብሬህ መኖር አልችልም ነበር።»

ዳባ ቀና ብሎ አያት። «መኖር?»

ያለችው ነገር ገና አሁን ገባት። ፊቷ ጋለ፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

«ደብረ ብርሃን ይበርዳል ይላሉ» አለ ዳባ እጁን ሱሪው ላይ እያደረቀ። «ለሽምግልና የምልካቸው አጎቶቼ ብርድ አይችሉም።»

«ጋቢ ይደርባሉ» አለች ናርዲ።