የመምህር ደባሱ ጉድጓድ

መምህር ደባሱ የሞተው ቁርጭምጭሚት በማይሸፍን ውሃ ውስጥ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ባለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ግቢ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የውሃ ጉድጓዱን ራሱ ወርዶ ማጠብ ልማዱ ነበር። ዘንድሮም በሩፋኤል ማግስት፣ ጳጉሜን አራት፣ በማለዳ ወረደ። እሱ ውስጥ እያለ ውሃውን ወደ ሮቶ የሚገፋው ሞተር ተነሳ፤ ከተላጠው የሞተሩ ገመድ ኤሌክትሪክ ያዘውና በዚያው ቀረ።

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ስትደርስ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ በእውቀቱ በር ላይ ተቀብሎ፣ ነገሩ አደጋ እንደሆነ፣ ጥፋተኛዋም ሰአዳ የምትባል ሠልጣኝ እንደሆነችና ጣቢያ እንደታሰረች ነገራት። እሱ ራሱ ኮን ከተማ አድሮ ገና መግባቱ ነው። ቀጥሎ የጠየቃት የእንቁጣጣሹ የምረቃ በዓል እንዳይስተጓጎል ነበር። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልወጣም። ሰርክአዲስ ፊቱን ማየት አስጠላት፤ ጫማውን እያየች አዳመጠችው።

ሞተሩን በየማለዳው የሚያስነሳው ፕሮግራም የሠልጣኞች የመጨረሻ ሥራ ነው። ጻፈው የሚባለው ምናለ የተባለ ሠልጣኝ፣ በምረቃው ዕለት ረዳት መምህር ሊሆን የታጨ ወጣት ነው፤ አስከሬኑንም ያገኘው እሱ ነው። ጥያቄ ሳይቀርብለት ነበር የጀመረው።

«ግቢ ስገባ ሞተሩ በሰዓቱ ራሱ ሲነሳ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ መምህር አልፈዋል።»

«ጉድጓድ ሊታጠብ ሞተሩ ለምን አልጠፋም?»

«ሰአዳን አጥፊው ብያት ነበር። ረስታዋለች።»

«ፕሮግራሙን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ።»

ስለ ሟቹም አወራ። ደባሱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ስለነበር ቅኔ ቤት ያለ ይመስለው ነበር አለ። ጀማሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አይንካ፣ መጀመሪያ በእጁ ይጻፍ፣ የጻፈውንም በየመስመሩ በቃሉ ያስረዳ ይል ነበር። ይህን ሲናገር ምናለ ፈገግ አለ። የመምህሩ ነጠላ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ገና አልተነሳም ነበር።

ሰርክአዲስ ከእሱ ስትለይ ዘበኛው የሻው ሁለት ጄሪካን ተሸክሞ ሲገባ አየችው። ትከሻው ርሷል።

«አንቱ፣ ሞተር እያለ ጄሪካን ምን ያደርጋል?»

«የቱ ሞተር? ጳጉሜን ከገባች ሮቶው ጠብ አላለም። ይኸው ከቦኖ እሸከማለሁ። ለመምህር ብነግራቸው፣ ተወው፣ በእጅ ማብሪያውም እንዳታስነሳው፣ ምናለ ራሱ መጥቶ ይየው አሉኝ። እሱ ደሞ አዳሩ ከተማ ነው፤ ውሃ ይኑር አይኑር ምን ያውቃል?»

ኢንስፔክተሯ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄደች። ሰአዳ ካንድ ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ በሰው ሞት ጥፋተኛ ተብላ ልትከሰስ እንደሆነ ነግረዋታል።

«ወላሂ ማንም አጥፊው አላለኝም» አለች። «የቆመውን ምን ብዬ አጠፋለሁ? ይህንኑ ብናገር፣ የጻፈው ልጅ ይሠራል ብሏል፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ አሉኝ።»

«ለምን ቆመ?»

«በእኛ አቆጣጠር ቀን እንዲቆጥር ነበር የታዘዘው። ፕሮግራሙ ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው። ጳጉሜንን አያውቃትም፤ ስትገባ ዝም ይላል። ከመምህር ጋር ስናነበው አየነው። የሠራው ሰው ይህን አያጣውም፣ እንዳትነግሪው አሉኝ። በሩፋኤል ዕለት ምናለን ጠርተው፣ በጓደኞችህ ፊት በየመስመሩ ታስረዳለህ፣ ካልቻልክ ረዳት መምህር አትሆንም አሉት።»

«መለሰ?»

«ሳቀ። ፊቱ ግን አልሳቀም።»

በማግስቱ፣ ጳጉሜን አምስት፣ ሰርክአዲስ ሁሉንም በማለዳ ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበቻቸው። ሰአዳን ፖሊስ ይዟት መጣ። ገመዱ ተቀይሯል፣ መብራቱ ተለቋል፣ ፕሮግራሙም እንደነበረው ነው።

«ምናለ፣ ሞተሩ በሰዓቱ ራሱ ይነሳል ብለሃል። እንስማው።»

ቆሙ። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈም። ሞተሩ አልተነፈሰም። የምናለ ግንባር ግን በዚያ ብርድ ወዛ።

«አይነሳም» አለች ሰርክአዲስ። «ትናንትም አልተነሳም፤ ሮቶው ከደረቀ ሰንብቷል። ከፕሮግራሙ ሌላ ሞተሩን የሚያስነሳው ይህ ጉድጓዱ ዳር ያለው የእጅ ማብሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሩ ጉድጓድ ውስጥ እያሉ ሰው በእጁ አስነስቶታል። ማን? አቶ በእውቀቱ ኮን እንደነበሩ አረጋግጫለሁ። ጋሽ የሻውና ሰአዳ ሞተሩ መቆሙን ያውቃሉ፤ ሰው ቢገድሉ እንኳ ራሱ ተነሳ ብለው አይዋሹም፤ ወዲያው ይያዛሉ። ይህን ውሸት የሚመርጥ ፕሮግራሙ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ራሱ ሲነሳ ሰማሁ ያልከኝ አንተ ነህ። የገዛ ሥራውን የማያውቀው ደግሞ ጻፍኩት ባዩ ብቻ ነው።»

አቶ በእውቀቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኤአይ እንደጻፈለት አውቅ ነበር። ግን እኮ ዛሬ ሁሉም ያደርገዋል።»

«አውቀህ ነው ለሌሎች መምህር ልታደርገው የነበረው?» አለችው፤ አንቱታውን ትታ። «እኔ መሣሪያውን አልከሰስኩም። ሟቹም አልከሰሱትም። መጀመሪያ ራሳችሁ እወቁ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ነበር ያሉት። ይህን ስላሉ ነው የሞቱት።»

ፕሮግራሙ ያለበትን ላፕቶፕ ከፍታ ምናለ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ተሳስቼ ከሆነ አሁን አሳየኝ። መምህርህ የጠየቁህን ነው የምጠይቅህ። ለምን አልተነሳም? አስረዳን።»

ምናለ ስክሪኑን አፍጥጦ አየው። ወደ ላይ ወሰደው፣ ወደ ታች መለሰው። ሁሉም ጠበቁት። ከዚያ እጁ ኪሱ ገባና ስልኩን አወጣ፤ በአውራ ጣቱ መጻፍ ጀመረ። ሰርክአዲስ በትከሻው በኩል አነበበችው። «ፕሮግራሜ ለምን አልሠራም?» ይላል።

ስልኩን ተቀብላው ካቴናውን አስገባችለት። ሰአዳን ሂጂ ሲሏት አልሄደችም፤ የመምህሯን ነጠላ አንስታ አራግፋ አጠፈችው። የሻውም ጄሪካኖቹን ይዞ ወደ ቦኖ ወረደ፤ ጳጉሜን ገና አላለቀችም።