የሳቱርኒኖ ካሊሳያ መንጋጋ

ሳቱርኒኖ ካሊሳያ የሞተው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት የፖሊስ መቶ አለቃ ኦብዱልያ ቲኮና ከኦሩሮ ከተማ ተነስታ የማዕድን መንደሩ ያና ኡርቁ ስትደርስ የማዕድን ማኅበሩ ሰዎች ገዳይ ያሉትን ይዘው፣ ደብድበው፣ ከጉድጓዱ መግቢያ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ጋር አስረውት ነበር። የቀራቸው በቁሙ ከሟቹ ጋር አብረው መቅበር ብቻ ነው። ቀብሩ ደግሞ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል።

የታሰረው የሟቹ የሥራ ጓደኛና አበልጅ ዘኖን ፓኮ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ ላይ አድሯል፤ አፉም በጨርቅ ተጠፍንጓል።

«አፉን ለምን አሰራችሁት?» አለች መቶ አለቃዋ።

«ስለሚለፈልፍ» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን ኢላሪዮን።

«ምን እያለ?»

«አልገደልኩም እያለ።»

«እና ምን እንዲላችሁ ፈልጋችሁ ነበር? እንኳን አደረሳችሁ?»

ዶን ኢላሪዮን አልሳቁም። ከኪሳቸው ፌስታል አውጥተው ሰጧት። ውስጡ አውራ ጣት የሚያህል፣ ገና አረንጓዴነቱ ያልጠፋ የኮካ ቅጠል ድብልብል አለ። «ማታ ሬሳውን ስናገኘው ከአፉ በእጄ ያወጣሁት ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

ኦብዱልያ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ስለሆነች ማብራሪያ አላስፈለጋትም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሰዓት የሚያይ የለም። ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለብርታት ጉንጩን በቅጠል ወጥሮ ይገባል። ቅጠሉ እየጠቆረ፣ ጣዕሙ እያለቀ ይሄዳል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይተፋል። በሟቹ አፍ ውስጥ ያለው ገና አረንጓዴ ከሆነ ሰውየው በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞቷል ማለት ነው። በዚያን ሰዓት አብሮት የነበረው ዘኖን ብቻ ነው።

«ከሰዓት በኋላ እናንተ የት ነበራችሁ?»

«ሁላችንም ስብሰባ። ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስም ተጠርቶ። ሳቱርኒኖና ዘኖን ብቻ ቀሩ።»

«ደግ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ሰው ጫፉን ቢነካው ሁላችሁንም ጭኜ ነው የምሄደው» አለች፤ የዘኖንን አፍ ራሷ ፈታችለት። ከንፈሩ አብጦ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ጥዬው ወጣሁ» አለ። «መሮዬን ላስል። ደህና ነበር፤ በእጁ ሂድ አለኝ።»

«ስለ ቅጠሉስ?»

«የምን ቅጠል?»

ሰዎቹ የከሰሱበትን ነገር እንኳ ሳይነግሩት ነው የደበደቡት። መቶ አለቃዋ ተናደደች፤ ንዴቷን ግን ዋጥ አድርጋ ወደ ልቅሶው ቤት ገባች።

ሟቹ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ማጅራቱ በድንጋይ ተከስክሷል። አገጩ እንደ ወጉ በነጭ ሻሽ ወደ ላይ ታስሯል። የጤና ጣቢያዋ ወጣት ሐኪም ኔሊዳ ሻሹን ፈታች። ኦብዱልያ ከንፈሩን ገልጣ በባትሪ አየች። የላይኛው የፊት ጥርሱ ከግማሹ ተሰብሯል።

«ደም የለውም» አለች ኦብዱልያ።

«ከሞተ በኋላ ነው የተሰበረው» አለች ኔሊዳ።

መቶ አለቃዋ ፌስታሉን አውጥታ ድብልብሉን በጥፍሯ በታተነችው። ቅጠሎቹ አልታኘኩም፤ በውሃ ርሰው በእጅ ተጨብጠዋል። መሃላቸው ትንሽ ነጭ ስባሪ ተገኘ። ከጥርሱ ጋር ገጠመ።

«አንድ ሰው በሬሳ አፍ ውስጥ ቅጠል በግድ ጎስጉሷል» አለች። «ግን ለምን በግድ? ወዲያው የሞተ ሰው መንጋጋ ልል ነው፤ የሚደርቀው ቆይቶ ነው።»

ኔሊዳ የሟቹን ጆሮ ሥር በጣቷ ነካች። «የዚህ ሰውዬ ልል አልነበረም። መንጋጋው ከተቆለፈ ሁለት ወሩ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጆሮው ሥር ያለው መጋጠሚያ ነው የታመመው። መጀመሪያ ሲያኝክ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። እሱ ብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ ስንት ሰው አለው። ሕመም ሲጨመርበት፣ አፉ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ግን መምጣት ነበረበት። ጥርስ መስሎት ገበያ ላይ ሁለት ጤነኛ ጥርስ አስነቀለ። ከዚያ አንድ ቀን ቀጭታው ጠፋ። ዳንኩ ብሎ ለሚስቱ አወራላት። ያን ቀን ነው የተቆለፈው። በዚያው ሳምንት ቢመጣ ምናልባት እናላቅቀው ነበር። እኔ ጋ የመጣው ግን የዛሬ አሥር ቀን ነው። አፉ ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። ትኩስ ጨርቅ ያዝበት፣ ለስላሳ ምግብ ብላ፣ ከተማ ሂድ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አልሄደም።»

«ኮካስ?»

«ሃያ ዓመት በአንድ ጉንጭ ቅሞ ነው ለዚህ የበቃው። ከተቆለፈ ወዲህ አንድ ቅጠል አልነካም።»

«ሰዎቹ እንዴት አላወቁበትም?»

«ሻርፑን እስከ አፍንጫው ይጠመጥም ነበር። ስብሰባ ላይ መናገር ስላለበት ስብሰባም ተወ።»

ሚስቱ ዳማሲያ ጓዳ ውስጥ ለለቀስተኛ ድንች ትልጣለች። ቀና ብላም አላየቻቸው።

«ገበታ ላይ ቀጭ ሲል ልጆቹ እየቆጠሩ ይስቁበት ነበር» አለች። «እኔም እስቅ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ ጻፊው። መጨረሻ ላይ ሾርባ በቀሰም አጠጣው ጀመር። ለሰው ብትነግሪ ቤቱን ጥዬልሽ እሄዳለሁ አለኝ። ከሐኪሟ፣ ከኔና ከዘኖን በቀር ማንም አያውቅም።»

«አፉ ውስጥ ኮካ ተገኘ ሲሉሽ ምን አልሽ?»

ቢላዋዋ ቆመ። «ማን ነገረኝ? የጉድጓድ ነገር ለሴት አይነገርም እኮ!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፌሊሲያኖ ደጃፉ ላይ ከሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ ያለቅሳል። ለሦስት ዓመት በቺሊ በረሃ ሠርቶ የተመለሰው ማክሰኞ በስድስት ሰዓቱ አውቶብስ ነው። ሲወርድ መንደሩ ሁሉ አይቶታል።

«ከወረድክ በኋላስ?» አለችው።

«ደክሞኝ ተኛሁ። ወንድሜን ያየሁት ሞቶ ነው።»

«የሚወደውን ሳላበላው ሞተ ስትል ሰማሁ መሰለኝ። ምን ይወድ ነበር?»

«የተጠበሰ በግ! ምኑን ትጠይቂኛለሽ፣ አጥንቱን በጥርሱ ነው የሚሰብረው። ቅጠል ላይማ አይነሳ! ጉንጩ ሳይወጠር ጳጳስ ቢመጣም አያናግርም።»

«ጣትህን ምን ነካህ?»

ቀኝ ጣቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ አየና እጁን ኪሱ ከተተ። «የአውቶብሱ በር ነው።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኦብዱልያ ጉድጓዱንና የሟቹ አባት የከፈተውን የኋላ መግቢያ አይታ ተመለሰች፤ ሁሉንም ሣጥኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዘኖንም ታስሮ መጣ። በልቅሶ ወግ የኮካ ትሪ ይዞር ነበር፤ ዶን ኢላሪዮን ጉንጫቸውን ወጥረው ቀረቡ።

«ቀባሪዎቹ እየጠበቁ ነው» አሏት።

«ይጠብቁ። ትናንት ለመግደል ስትቸኩሉ አንድ ነገር አልጠየቃችሁም። ይህ ቅጠል ከማን እጅ መጣ? ሟቹ አልቃመውም። የጥርሱ ስባሪ መሃሉ ገብቷል፤ ጥርሱም አልደማም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ነው የተጎሰጎሰው። ለምን? ሟቹ ጠዋት የሞተ እንዲመስል። ጠዋት የሞተ ቢመስል የሚጎዳው ማነው?»

«ዘኖን» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዘኖን። ሰው በራሱ አንገት ላይ ገመድ አያስገባም። የሚጠቀመውስ? ጠዋት እዚህ ያልነበረው፣ ከሰዓት በኋላ ግን የት እንደነበረ ምስክር የሌለው ሰው። እናንተ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ።» ወደ ሣጥኑ ዞረች። «ደግሞም የዚህ ሰው አፍ ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ጣት በላይ አልተከፈተም። ሐኪሟ ታውቃለች። ሚስቱ ታውቃለች። ዘኖን ያውቃል። ከሦስቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዘዴ ይፈልግ ነበር እንጂ ቅጠል አያስብም። ገዳዩ፣ ሳቱርኒኖ ዛሬም ጉንጩን ወጥሮ የሚውል፣ አጥንት የሚሰብር ጎረምሳ የሚመስለው ሰው ነው። የሚያውቀው የዛሬ ሦስት ዓመቱን ሳቱርኒኖ ብቻ የሆነ ሰው።»

ሁሉም ፌሊሲያኖን አዩት።

«ጨርቁን ፍታው» አለችው።

አልፈታም። ሁለት ሰዎች ይዘው ፈቱት። ጣቱ ላይ ከላይና ከታች የጥርስ ጠርዝ የጫረው ቁስል አለ። ኔሊዳ ጠጋ ብላ አየችና አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«በዋናው በር አልገባህም» አለች መቶ አለቃዋ። «አባትህ በከፈተው የኋላ መግቢያ ነው የገባኸው። ጭቃው ላይ የአንተን የጫማ ዱካ አግኝተናል።»

«አፉን አልከፈተልኝም!» ብሎ ጮኸ ፌሊሲያኖ። «የአባታችንን የቁፋሮ ቦታ አካፍለኝ ብዬ ለመንኩት። ተንበርክኬ! ሰላም እንኳ አላለኝም። ጥርሱን ነክሶ ውሻ እንደሚያይ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። እናንተ ብትሆኑስ? ሦስት ዓመት ስለ እሱ አስቤ የመጣሁ ሰው ነኝ!»

ዶን ኢላሪዮን የዘኖንን እጅ ራሳቸው ፈቱ። ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረሙ።

«ይቅርታውን ያቆዩት፣ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል» አለቻቸው ኔሊዳ።

ዘኖን ግን ሊቀ መንበሩን አላያቸውም። የሚያየው ፌሊሲያኖን ነው። «ያለ ቅጠል እዚያ ውስጥ ብርታት አልነበረውም» አለው። «ሥራውን ሊተወው ወስኖ ነበር። ቦታውን በሙሉ ለአንተ። ሰኞ ጠዋት ነው የነገረኝ። ሲመጣ እኔው ራሴ ልንገረው አለኝ።»

«ውሸት ነው። ለምን አልነገረኝም ታዲያ?»

ዳማሲያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። «ጠዋት ጠዋት ነበር የሚያወራው» አለች። «ከቀትር በኋላ ሕመሙ ሲጸና አንድ ቃል አይወጣውም። በእጁ ነበር የምንግባባው። ጀርባውን የሚሰጥህ ተከተለኝ ሲል ነው። እኔንም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።»

ፌሊሲያኖ ካቴናው ከገባለት በኋላ ወንድሜን አንዴ ልየው ብሎ ዳማሲያን ለመናት።

ዳማሲያ የሣጥኑን ክዳን ከመሬት አነሳች፤ ሟቹ ላይ ዘጋችውና ሚስማሩን አምጡ አለች።