አርማታ ከውሃ በታች

«ምስማር አለ?»

«ስንት ቁጥር?»

«ስምንት። ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ።»

«ስምንት አልቋል። አሥር ይሁንልህ?»

«ይሁን።»

«አሥር» ካለች መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው። ለሳኙ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ከብብቱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ይሄ ሻካራ ነው፤ በለስላሳ ቀይሪልኝ» አለ። ባለሱቋ ሳትቸኩል አነሳችው። በጥቅሉ ሆድ ውስጥ በስስ ወረቀት የተገለበጠ ንድፍ አለ። የስምንት ወር ሥራ ነው።

የበሩ ብርሃን ጨለም አለ።

ባለ ኮፍያው!

የአሠሪው የነጋዴው ዘበኛ ነው። ለሳኙ ከሥራ ግቢው ሲወጣ ሦስት መታጠፊያ ዞሮ፣ አንድ ታክሲ ተሳፍሮ ወርዶ፣ ያመለጠው መስሎት ነበር።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ምስማር እየገዛሁ።»

«ለሳኝ ምስማር ምን ያደርግለታል?»

ባለሱቋ ለሳኙን ቀደመችው። «ሊበላው ነዋ! የአሸዋ ወንፊቱን በምን ይምታው፣ በምራቁ? አሸዋ ሳይነፋ የሚለስን ለሳኝ አይተህ ታውቃለህ?»

ባለ ኮፍያው እጁን ወደ ጥቅሉ ሰደደ። አነሳው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ሻካራ ነው» አለ ዘበኛው፤ መልሶ ወረወረው። «ቶሎ በል፤ ውጭ እጠብቅሃለሁ።»

ሴትዮዋ ምስማሩን በሚዛን ላይ እያንኳኳች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጠየቀች። «መርከቡ ይሰምጣል?»

«ከሃያ ሜትር በታች። ነጋዴው በሚሳፈርበት ቀን፣ በሚቀጥለው ሳምንት። የሠሩትን ሽማግሌ ግን ከዚያ በፊት ታወጧቸዋላችሁ። ቃል ገብተሻል።»

«ገብቻለሁ።»

«ድገሚው።»

«እናወጣዋለን፣ ጉድፍ። አሁን ሂድ።»

ጉድፍ ማለት እሱ ነው። የሚሰልልለት መሥሪያ ቤት ስም ሲያወጣ ለምርቃት አይደለም። እሷን ደግሞ አክስት ይሏታል። ይህን ስም ያወጣላት ሰው አክስት ኖሮት የሚያውቅ አይመስልም።

ወደቡ ዳር ያለው ግቢ ከውጭ ሲታይ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን የሚሠራበት ቦታ ነው፤ በሩ ላይም እንዲያ ተብሎ ተጽፏል። ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ግን ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ግራጫ ነገር በብረት አልጋ ላይ ተጋድሟል። የአርማታ ሰርጓጅ መርከብ ነው። ነጋዴው ከጥበቃ ጀልባዎች ሆድ በታች መሣሪያ ወደ ማዶ ሊያሻግርበት አስቧል፤ ለጉድፍ የተነገረው እንዲህ ነው። የብረት ሰርጓጅ የሚገዛ ሰው ስሙ ይመዘገባል። ሲሚንቶና አሸዋ የሚገዛውን ማን ይጠይቀዋል? ቤት ሊሠራ ነው ይባላል።

ያሰቡትና የሠሩት ጋሽ ውሃልክ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ድልድይና ጋን ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ይህን ነገር በጓሯቸው በትንሹ ሞከሩት። ጎረቤት ሳቀባቸው። ነጋዴው ብቻ አልሳቀም። ዓሣ ለማጥናት ነው ብሏቸዋል፤ ማመን ስለፈለጉ አመኑት።

ለሳኙ ሥራ በጀመረበት ቀን «ጋሼ፣ ድንጋይ እንዴት ይንሳፈፋል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«የብረት ሳፋ አይንሳፈፍም? ብረት ከድንጋይ ይቀላል እንዴ? ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው።»

«ታች ሲወርድ አይሰበርም?»

«አርማታ ሲጫኑት ይወዳል፤ የሚከዳህ ሲጎትቱት ነው። ውሃ ደግሞ ዙሪያውን ይጫናል። እኔ ግድግዳውን አልፈራም። የምፈራው መግቢያውን ነው፣ የሞተሩ ዘንግ የሚወጣበትን፣ የቆየና አዲስ አርማታ የሚገናኙበትን። ብረት ከመሰበሩ በፊት ያቃስታል፤ ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። አርማታ ያን ደግነት የለውም።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ለሳኙ የአሸዋ ማጠብ፣ የውሃ ልክ፣ የፌሮ ብረት አስተሳሰር፣ ሁሉን የተማረው ከእሳቸው ነው። «ልጄ» ይሉታል። እሱም፣ መቼ እንደጀመረው ሳያውቅ፣ ሲጠሩት ደስ ይለው ጀመር።

አንድ ሕግ አላቸው፤ የድሮ ግንበኞች ሕግ ነው። የሶሌታ ጣሪያ ድጋፍ እንጨት በሚነቀልበት ቀን ሠሪው ከሥሩ ይቆማል። ጣሪያው ከወደቀ በመጀመሪያ በሠራው ሰው ላይ ይውደቅ። አልቆምም ያለ ሠራተኛ ሥራውን አበላሽቷል ማለት ነው፤ ሌላ ምስክር አያሻም። ለሰርጓጁም ሕጉ ያው ነው ብለዋል።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል። ለሳኙ የመለሰላቸው ግን ከጠጠርም የከፋ ነው።

የሰርጓጁ ግድግዳ በአርማታ በተሞላበት ቀን ሽማግሌውን ነጋዴው አስጠራቸው። የዚያን ቀን ለሳኙ በአርማታ ማደባለቂያው ሚክሰር ነዳጅ ውስጥ አንድ እፍኝ አሸዋ ጨመረ። ሞተሩ ተንተፋትፎ ቆመ። የተሞላው አርማታ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ፣ የቀን ሠራተኞቹ ዕረፍት አገኘን ብለው ጥላ ሥር ተጋደሙ። ሚክሰሩ ሲጠገን በደረቀው ላይ አዲሱን ደፉበት። ሁለቱ አልተያያዙም። ሽማግሌው ሲመለሱ ሠራተኞቹ ቁጣ ፈርተው ትንፍሽ አላሉም። በማግስቱ ለሳኙ ስፌቱን ዙሪያውን ለሰነው። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ልስን ሠርቶ አያውቅም።

ከዘበኛው ጋር ከሱቁ ሲመለስ የነጋዴው መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። እኩለ ቀን ነው። ሰርጓጁ ከመጋዘኑ ወጥቶ፣ በክሬን ገመድ ታንቆ፣ ከወደቡ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል።

የመኪናው የኋላ በር ተከፈተ።

አክስት ወረደች።

በእጇ የብርጭቆ ወረቀቱን ጥቅል ይዛለች። ለሳኙ ክው አለ። ነጋዴው ከዘበኛው ጋር ሲነጋገር፣ እሱ ሰርጓጁን እንደሚያይ ሰው ወደ ክሬኑ ጠጋ አለ። እሷም ተጠጋች።

«ይሄ አልነበረም ንግግራችን» አላት በሹክሹክታ።

«ንግግራችን ይስጠም ነበር። ይሰጥማል።»

«ነጋዴውስ?»

«የኛ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ። በሙሌቱ ቀን ሽማግሌውን ከዚህ ያስወጣልህ ማን መሰለህ?»

«ታዲያ የሚሞተው ማን ነው?»

«ንድፉን አገኘን። ንድፉ ያለበት ሌላው ቦታ የሽማግሌው ጭንቅላት ነው። ነገ ለሌላ አንድ ቢሠራለትስ?»

«ሽማግሌ ናቸው! አስፈራርታችሁ ዝም ማሰኘት...»

«ሰው በጥይት ሲሞት ይጠየቃል። በገዛ እጁ በሠራው መጫወቻ ሲሞት ይሳቅበታል። ሳቅ ደግሞ ፋይል አያስከፍትም።»

«ብናገርስ?»

አክስት አየችው። ፊቷ ላይ ክፋት እንኳ የለም፤ ሥራ ነው ያለው። «ተናገር። ያኔ ሁለት ትሆናላችሁ።»

ጋሽ ውሃልክ ከመጋዘኑ ወጡ። ሸሚዛቸውን ቀይረዋል፤ መዶሻቸውን ይዘዋል። እንደ ሙሽራ ደስ ብሏቸዋል።

«ና ልጄ፣ እንግባ! ሁለት ሰው ይይዛል። ሠሪውና ለሳኙ።»

ለሳኙ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆንክ?»

«ጆሮዬን ያመኛል ጋሼ። ታች መውረድ አልችልም።»

«ጆሮህን?»

«አዎ።»

ፈገግታው ከሽማግሌው ፊት ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ጠዋት ጆሮውን አላመመውም፤ አብረው ሲቀልዱ ነበር። ሌላ ቃል ሳይናገሩ ወደ ሰርጓጁ ሄደው ግድግዳውን በመዶሻቸው ያንኳኩት ጀመር። አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ ያንኳኳሉ፤ ያዳምጣሉ። ከመግቢያው ኋላ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና መቱ። በጣታቸው ልስኑ ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ፤ ልክ ስፌቱ ባለበት።

አገኙት።

ለሳኙ ዓይናቸውን ጠበቀ። ቀና ብለው አዩት፣ ረጅም አዩት፣ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ነጋዴው መለሱ።

«ዛሬ አይወርድም።»

«ለምን?»

«ሙሌቱ ላይ ተቋርጧል። የኔ ጥፋት ነው። ቆሜ ማሠራት ነበረብኝ።»

የማንንም ስም አልጠሩም። ነጋዴው ካወቀ ለሳኙን ያስገድለዋል ብለው ፈርተዋል። ነጋዴው ሁሉን እንደሚያውቅ በምን ይወቁ? ለሳኙ ይህን ተረዳ። አንድ ቃል ቢናገር፣ አንድ እርምጃ ቢራመድ፣ ቢያንስ አብሮ ይሞት ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ዝም አለ።

«ጋሼ» አለ ነጋዴው በትሕትና፣ «ሕጉ የእርስዎ ነው። የሠራ ይገባል። ነው ወይስ ሕጉ ለቀን ሠራተኛ ብቻ ነው?»

ባለ ኮፍያው ኮቱን ገለጥ አደረገ። ሽጉጡ ታየ።

ሽማግሌው ሽጉጡን ንቀው አለፉት። የነጋዴው ቃል ግን ነክቷቸዋል። መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ መሰላሉን ወጡ፤ ገቡ። ክዳኑ ከላይ ተቆለፈ።

«ስልኩን አንተ ያዝ» አለችው አክስት። ከሰርጓጁ የሚወጣ ገመድ ላይ የታሰረ የሽቦ ስልክ ነው። «ድምፅህን ስለለመደው ይረጋጋል።»

ክሬኑ ጮኸ። ግራጫው ጀርባ ውሃ ውስጥ ገባ።

«አምስት ሜትር» አለ የሽማግሌው ድምፅ። «ደረቅ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«አሥር። ደረቅ።»

«እሺ።»

«አሥራ አምስት። መግቢያው ደህና ነው፤ ዘንጉም ደህና ነው። አየህ? ሐሳቡ ትክክል ነበር።»

ክሬኑን የያዘው ባለ ኮፍያው ነው፤ ሽጉጡ ከጎኑ ነው። ነጋዴው ሰዓቱን ያያል። አክስት ውሃውን ታያለች።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«ሙሌቱ ለስንት ሰዓት ነው የቆመው? ሁለት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እኔ ሁለት መስሎኝ። ፀሐይም ነበር። የደረቀውን በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ፣ በውሃ የቀጠነ የሲሚንቶ ቦያካ ቀብተህ ብትሞላበት ይይዝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ። እኔ ነኝ ያስተማርኩህ።»

ገመዱ ይለቀቃል። አሥራ ስምንት። ሃያ።

«ላብ አለ እዚህ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ስፌቱ አልቦታል። ሃያ አንድ። እጄን አድርጌበታለሁ። ልጄ፣ ጎትቱኝ በላቸው።»

ለሳኙ ወደ ባለ ኮፍያው ዞረ። አፉን ከፈተ።

አክስት ራሷን ነቀነቀች።

አፉን ዘጋ።

«ልጄ! ጎትቱኝ በላቸው እንጂ! ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ ጋሼ።»

በስልኩ ውስጥ እንደ ሳህን መሰበር ያለ አንድ ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ሽቦው ላይ ምንም አልነበረም። የክሬኑ ገመድ ከበፊቱ ይልቅ ተወጠረ፤ በውሃው ፊት ላይ አረፋ ወጥቶ ተበተነ። ጠቅላላው የአንድ ሲጋራ ዕድሜ አልፈጀም።

«ልቀቀው» አለ ነጋዴው። ባለ ኮፍያው ገመዱን ለቀቀው።

አክስት ስልኩን ከለሳኙ እጅ ወሰደች። ጣቶቹ አልከፈት ብለዋት አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። «ሥራው አልቋል» አለችው። «በጀርባ በር አትውጣ፤ ሠራተኛ እንደሚወጣ በፊት ለፊት ውጣ። ከዛሬ ጀምሮ ጉድፍ የሚባል የለም። የሚቀጥለውን ስም በፖስታ ታገኘዋለህ።»

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ለማን? ለጉድፍ?»

ልብሱን ቀየረ። ሲሚንቶውን ከጥፍሩ ሥር ፍቆ አወጣ። የልስን ማንካውን፣ ቱንቢውን፣ የለሳኝ መታወቂያውን በርሜል ውስጥ ጣለ። እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ያለቀሰው እዚያ ቧንቧው ሥር ነው፤ ባልዲው እስኪሞላ ድረስ ብቻ አልቅሶ ፊቱን ጠረገ።

ከግቢው በር ውጭ አንዲት ሴት ቆማለች። የመነጽር ማኅደር ይዛለች።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ነህ የምትሠራው? አባቴ ጠዋት መነጽሩን ረስቶ ወጣ። ያለ እሱ ደቃቅ ጽሑፍ አያነብም። ዘበኛው ካላስገባሽ ለለሳኙ ስጪው፣ እንደ ልጄ ነው ይለኛል።»

እጇን ዘረጋች። ማኅደሩ ከደረቱ ፊት ቆመ። የግንባሯ አጥንት የአባቷ ነው።

«እዚህ አልሠራም» አላት። «ማንንም አላውቅም።»

«እሺ፣ ምንም አይደል። ለምሳ መውጣቱ አይቀርም» አለች።

ታክሲው ቆሞ ሰው እየጫነ ነበር። ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ረዳቱ የት እንደሚወርድ ሲጠይቀው «መጨረሻ» አለው። ሴትዮዋ ከበሩ ፊት የተጣለ ብሎኬት በመሐረቧ ጠራረገችና፣ መነጽሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አባቷን ልትጠብቅ ተቀመጠች።