የመድና ክፍል

«ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከሁሉም መጨረሻ ነው» አሉ መምህር ጉግሳ፣ ሰሌዳው ላይ የሣሉትን አንጎል በጠመኔ እየነኩ። «ሃያ ዓመት ካለፋችሁም በኋላ ገና ያድጋል። ከባድ የአእምሮ ሕመምም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእናንተ ዕድሜ፣ ወይ ትንሽ ከፍ ሲል ነው። ሰውየው የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ የገዛ ቤተሰቡን ይጠራጠራል።»

ከኋላ አንዱ ልጅ ዓይኑን አጉረጥርጦ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኑርሀን እስክሪብቶዋን እንደጨበጠች ቀረች።

ታላቅ እህቷ መድና ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ውሃ ሲሰጧት «መርዝ ነው» ትላለች፤ ከግድግዳው ጋር ትጣላለች። እናታቸው የጓሮው ክፍል ውስጥ ቆልፋባታለች። ለጎረቤቱ ሁሉ ግን ጅግጅጋ አክስቷ ጋ ሄደች ብላ አውርታለች።

ከክፍል ሲወጡ ጓደኛዋ ማርቲ ክንዷን ያዘቻት።

«አቦ፣ መድና ጠፋች እኮ! ስልክም አታነሣም። ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጅግጅጋ ተመችቷታል» አለች ኑርሀን። ማርቲ አመነቻት። የባሰው እሱ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ የጓሮው በር ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። የድሬ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያግለው ውሏል። መድና በሩን ስትደበድብ እጇ ቆስሏል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም።

«ሆዮ፣ ሆስፒታል እንውሰዳት። በሽታ ነው፣ ሕክምና አለው። ዛሬ ተማርነው» አለቻት ኑርሀን እናቷን።

«ሰው ከሰማ ማን ያገባታል? አንቺንስ? ዝም በይ፣ ይለቃታል።»

«አራት ወር ሆነ እኮ፣ ሆዮ!»

እናቷ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ከውስጥ የመድና የሰለለ ድምፅ መጣ።

«ኑርሀን፣ አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?»

ኑርሀን መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች።

በማግስቱ ተማሪው ሲበተን ኑርሀን ከመምህር ጉግሳ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። መንገዱን ሙሉ «የጎረቤት ልጅ ናት» ማለትን ስትለማመድ ነበር የመጣችው።

«ጥያቄ አለሽ?»

«ሰው ታሞ... ቤተሰቡ አናሳክምም ካለ፣ መጥቶ የሚያነጋግርልን ሰው ይገኛል?»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። «የማንን ቤተሰብ?»

ማርቲ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነው። ኑርሀን ዞር ብላ አየቻት። ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«የእኔን። የታመመችው እህቴ መድና ናት። እቤት ተቆልፎባታል።»