በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል

ሽማግሌው ዘፋኝ በቤታቸው ስቱዲዮ ውስጥ ከማይክሮፎኑ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የማይክሮፎኑ መቆሚያ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ዜማዎቻቸውን እየቀዳ ወደ ኖታ ሲገለብጥ የኖረው ኮምፒዩተር ጥግ ላይ እንደበራ ነው።

ልጃቸው በካቴና ታስራ ተቀምጣለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ፖሊሱ ለመርማሪው። «የኮምፒዩተር ባለሙያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲወጣ ዘበኛው አይቶታል። ሽማግሌው እስከ ሦስት ተኩል ሲዘፍኑ ጎረቤት ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት። አሁን ይዣት ልሂድ።»

«ስገባ ሞቶ ነው ያገኘሁት!» አለች ልጅቱ በተሟጠጠ ድምፅ። «ስንቴ ልማል?»

መርማሪው ከሽማግሌው ጋር ግድግዳ ወደምትጋራው ጎረቤት፣ ወደ ፒያኖ አስተማሪዋ ሄደ።

«እትዬ፣ የዘፈኑት በእርግጥ እሳቸው ነበሩ?»

«ሃያ ዓመት ያደነቆሩኝን ሰውዬ ልሳሳታቸው? ያቺ የቅኝታቸው ሦስተኛ ድምፅ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሃል እየወደቀች ጥርሴን ስታፋጨኝ ኖራለች። ‹ኧረ ወይ ይውጡ፣ ወይ ይውረዱ!› እያልኩ ግድግዳውን እደበድብ ነበር። የዛሬውን ግን እውነቱን ልናገር፣ ልክ ገብቶላቸዋል። በፒያኖዬ አብሬ ሞከርኩት፤ ውልፍት የለም።»

መርማሪው ደብተሩን ዘጋ። ለጥያቄ ተጠርቶ የመጣውን የኮምፒዩተር ባለሙያ ኮሪደሩ ላይ አገኘው።

«ወንድሜ፣ ፕሮግራምህ በመሃል የምትወድቀዋን ድምፅ እንዴት ነው የሚጽፋት?»

«ቦታ የለውም። ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይስባታል፤ ቅጂውንም በዚያው ልክ ያስተካክለዋል። ለጆሮ ልዩነት የለውም።»

«ለማን ጆሮ?»



መርማሪው ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ ከመረመረ በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበ።

«ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያቺን ድምፅ ከቦታዋ አላንቀሳቀሷትም» አለ። «ዛሬ ጠዋት ግን ከፒያኖ ጋር ገጠሙ። የሚገጥመው የተስተካከለው ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤታቸው የሰሙት ሰውዬውን ሳይሆን ቅጂውን ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በራሱ እንዲከፈት የታዘዘበት መዝገብ ይኸው፤ በዚያ ሰዓት ልጃቸው ገና አልመጣችም። ትእዛዙን የሰጠው ከመውጣቱ በፊት እዚህ የተቀመጠው ሰው ነው።» ወደ ባለሙያው ዞረ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያልተስተካከለውን ዋና ቅጂ ብትከፍት ማንም አይነቃብህም ነበር። ለምን አልከፈትክም?»



«የለማ!» አለ ባለሙያው። «የኮምፒዩተሩ ማከማቻ እየሞላብኝ ዋናዎቹን እያስተካከልኩ አጠፋኋቸው። ዛሬ ጠዋት ‹እስቲ ራሴን አሰማኝ› አሉኝ። አሰማኋቸው። ‹ይሄ ማነው?› አሉ። ለአለቆቼ ሊነግሩ ስልኩን ሲያነሱ… ስድስት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነው!»

ፖሊሱ ባለሙያውን ዓይን ዓይኑን እያየ የልጅቱን ካቴና ፈታ።

«ነፃ ነሽ፣ እህቴ» አላት መርማሪው። እሷ ግን አልተነሳችም፤ ባለሙያውን ታያለች።

«አንዱም አልቀረም?»

«አንዱም።»

«‹ነይ ዜማዎቼን ላስተምርሽ› ሲለኝ» አለች በሹክሹክታ፣ «‹ኮምፒዩተሩ ይዞልህ የለ እንዴ አባዬ› እለው ነበር።»