የጎደሉት ስምንት ዓመታት

የቦርዱ ጸሐፊ ሬሳ የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ በናሙና ማቆያው ክፍል ወለል ላይ ነው። በግራ ጎኗ ተኝታለች። መነጽሯ አልተሰበረም፤ ጫማዋ አልወለቀም። ቁስል የለ፣ ደም የለ፣ የግብግብ ምልክት የለ። የተጠራው ሐኪም ጎንበስ ብሎ አየና «ልቧ ነው» አለ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አራት ፎቅ ወጥታ እንኳ የማታለከልክ ሴት።

መርማሪዋ የደረሰችው አራት ሰዓት ላይ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳይሆን በገባችበት ሁሉ ክር ይዛ ስለምትወጣ።

ኩባንያው ለሕፃናት ክትባት መሥሪያ የሚሆኑ ሕያው ሴሎችን ያረባል። ሴሎቹ የሚቀመጡት በዚሁ ጠባብና መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞሉ ታንኮች ቀዝቅዘው ነው። ናይትሮጅኑ ካመለጠ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። ለዚህ ሲባል የአየር ማስወጫ አለ፤ ግድግዳው ላይም ኦክስጅን ሲጎድል የሚጮህ መዳፍ የምታህል ማስጠንቀቂያ ተሰክታለች። ማስወጫው ይሠራል፤ የማስጠንቀቂያዋም አረንጓዴ መብራት በርቷል። የተሳሳተው በማስጠንቀቂያዋ ላይ ያለችው ትንሽ ሰዓት ብቻ ናት፤ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ትላለች። መርማሪዋ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ልክ አራት ነው። ጻፈችው።

ሬሳውን ያገኙት የጥበቃ ሠራተኛውና አንደኛው የቦርድ አባል አብረው ነው። ጥበቃው አረጋዊ ሰው ናቸው። ጸሐፊዋ አንድ ሰዓት ላይ ገብታ ሳትወጣ በመቅረቷ ሊፈልጓት ሲነሡ፣ ሰዎች «ባንከሩ» የሚሉት የቦርድ አባል መጥቶ አብሯቸው ወረደ። ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ከፈቱ።

«ወድቃ ሳያት ልገባ ስል በኮቴ ጭራ ያዙኝ» አሉ ጥበቃው። «‹አትግባ፣ በሩን ከፍተህ ቁም› አሉኝ። ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ተጫኑ፤ መብራት ሊያበሩ መሰለኝ። መብራቱ ግን በርቶ ነበር። ትንሽ አቁመውኝ ‹በል ሩጥ፣ ሐኪም ጥራ› አሉኝ። ስመለስ ሩብ ሰዓት ሳያልፍ አይቀርም።»

«ለምን አትግባ እንዳሉዎት አልጠየቋቸውም አባባ?»

«ሬሳ አይነካም ብለው ይሆናል ብዬ ነዋ።»

መርማሪዋ ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ለሕትመት የተዘጋጀ መጽሔት ረቂቅ አለ፤ የዳይሬክተሮች ቦርዱ ሦስት አባላት የሕይወት ታሪክ ነው። ሟቿ ሁለት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በማስረጃ ስታጣራ ቆይታለች። በሰብሳቢው ገጽ ላይ «ዶክተር» የሚለውን በእርሳስ ሰርዛ «ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት አቋረጡ» ብላለች። በባለሀብቷ ገጽ «ከባዶ እጅ ተነሥተው» የሚለው ተሰርዞ «ከአባታቸው ሁለት ፋብሪካ ወርሰው» ተብሏል። በባንከሩ ገጽ ግን አንዲት ቃል አልተሰረዘችም። በሃያ ሦስት ዓመቱ መመረቁንና በሠላሳ አንድ ዓመቱ ባንክ መግባቱን በሚናገሩት መስመሮች መካከል ግን ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ለየብቻ አነጋገረቻቸው። ሦስቱም ቅዳሜ ለስብሰባ መጥተው እንደነበር፣ ከስብሰባው በኋላም ሕንፃውን እየተዘዋወሩ እንደጎበኙ አልደበቁም። ሰብሳቢው ስለ ሟቿ ደግነት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያ በእርሳስ የተነካካው ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ባይያያዝ ምን ይመስላታል? ባለሀብቷ ደግሞ መሐረብ አይናቸው ላይ አድርገው ካለቀሱ በኋላ፣ መሐረቡ ደረቅ መሆኑን መርማሪዋ እያየች፣ ያንኑ ጠየቁ። ስለ ሟቿ የሚወራው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ እድፍ ነበር።

ባንከሩ ከሁሉም ጨዋ ነበር። ስለ ወረቀቱ ምንም አልጠየቀም። ስለ ላብራቶሪ የሚያውቀው ነገር ካለ ስትለው ሳቅ አለ።

«እኔ የቁጥር ሰው ነኝ እህቴ። እዚያ ታች ያለውን ብልቃጥ ከሽቶ ጠርሙስ አልለየውም።»

«ባንክ ከመግባትዎ በፊትስ?»

«የአባቴን ሱቅ እጠብቅ ነበር። ምን ይጻፋል ብለው ነው?»

ሰኞ የማቆያው ክፍል ባለሙያ ሥራ ገብቶ ታንኮቹን ሲለካ፣ ቅዳሜ ሞልቶት የሄደውን አንደኛውን ታንክ ከግማሽ በታች ወርዶ አገኘው። ማክሰኞ መርማሪዋ ለላከችው ጥያቄ ከጡረታ መሥሪያ ቤት የመልስ ደብዳቤ መጣ። ረቡዕ መርማሪዋ ሦስቱን የቦርድ አባላት፣ ጥበቃውንና የሟቿን ታላቅ እህት በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበች። ታላቅ እህቷ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ከቦርዱ አንድም ሰው አላናገራትም።

«ልቧ አይደለም» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «ቅዳሜ ማምሻውን አንድ ሰው የታንኩን ቫልቭ በትንሹ ከፈተ፣ የአየር ማስወጫውን አጠፋ፣ ማስጠንቀቂያዋን ከሶኬቷ ነቀለ። እሑድ ሠራተኛ የለም። ናይትሮጅኑ ክፍሉን ሞልቶ አደረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያ እንገናኝ ያላት ሰው አለ። ገባች፤ ወደቀች።»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እሑድ ግን ሁሉም ነገር ሲሠራ ነበር አሉ።

«ሲሠራ የነበረው ተመልሶ ስለተሰካ ነው። የማስጠንቀቂያዋ ሰዓት ኃይል ሲቋረጥባት ከዜሮ ትጀምራለች። አራት ሰዓት ላይ ሳያት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ቆጥራለች። ስለዚህ የተሰካችው ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ አባባ ሐኪም ሊጠሩ ሄደው ነበር። ክፍሉ ጋ ቀርቶ ቫልቩንም መዝጋት የሚችለው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ባንከሩ ዞሩ። ባንከሩ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥፍሩን ያያል።

«ማስወጫውን የሚያበራው ማብሪያ ከበሩ ውጭ ነው። መብራት በበራበት ክፍል የተጫኑት እሱን ነበር። ብልቃጥና ሽቶ የማይለይ ሰው፣ በማይታይና በማይሸት አየር ፊት ጥበቃውን በኮቱ ጭራ ያዘ። ይህን ከየት ተማረው ብዬ አሰብኩ። መልሱ ሟቿ በተወችው ባዶ ቦታ ውስጥ ነበር። ሌሎቻችሁ በታሪካችሁ ላይ ጨምራችኋል፤ የቀነሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው ያልሆነውን የሚጨምረው ለመከበር ነው፤ የሆነውን የሚያጠፋው ግን ስለሚፈራው ነው።»

ከዚያ የጡረታውን ደብዳቤና የአንድ የቆየ ክስ መዝገብ አነበበች። ባንከሩ ስምንት ዓመት የሠራው በሌላ ላብራቶሪ፣ የማቆያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚያ ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ ሁለት ሴቶች ታፍነው ሞቱ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በቸልተኝነት ተከስሳ ስድስት ዓመት ታሰረች። ዋናው ምስክር እሱ ነበር።

«በየሰዓቱ ይጮህ ነበር» አለ ባንከሩ ቀና ሳይል። «ያለ ምክንያት ነበር የሚጮኸው። እንቅልፍ ነሣኝና ነቀልኩት። እነሱ ይገባሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ጸሐፊዋስ?»

«እሷም ከጡረታ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ደብዳቤ አግኝታ ነበር። ስምንቱን ዓመት እስከ ሰኞ ራስህ ጻፈው፣ አለዚያ እኔ እጽፈዋለሁ አለችኝ። ሰው በሌለበት ሁሉንም እነግርሻለሁ ብዬ ቀጠርኳት።»

ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። የሟቿ ታላቅ እህት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ለእኚህ ሽማግሌ አዝነህ ይዘሃቸዋል። የኔን እህት ምነው?»

የመለሰችላት መርማሪዋ ናት።

«አዝኖ አይደለም እህቴ። ሁለት ሰው ባንድ ክፍል ውስጥ፣ ባንድ ጠዋት ልቡ አይቆምም። አባባም ቢወድቁ ኖሮ የሐኪሙን ቃል ማን ያምነው ነበር?»

ጥበቃው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከእሑድ ጀምሮ ባንከሩን ባዩ ቁጥር ተነሥተው እጅ ሲነሡ ሰንብተዋል።

ባንከሩን በካቴና አሰሩት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሰብሳቢው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። ፊታቸው ላይ የተነበበው ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ነበር። መጽሔቱ በዚህ ሳምንት ማተሚያ ቤት መግባት እንዳለበት፣ የባንከሩ ገጽ ቢወጣ የቀሩት ሁለቱ እንደ ቀድሞው መታተም ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ባለሀብቷ ራሳቸውን ነቅንቀው ደገፏቸው።

መርማሪዋ ረቂቁን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ረቂቁ ማስረጃ ነው» አለች። «እርሳሱም ጭምር። ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር ጮክ ተብሎ ይነበባል። እዚያ መጥተው ይስሙት።»

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ወደ ከተማው ዳር ሄደች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የታጠበ ልብስ በገመድ ተሰጥቶበታል። በሩን የከፈቱላት ጸጉራቸው የነጣ፣ የእጃቸው ቆዳ በሳሙና ብዛት የተላጠ ሴት ናቸው። ስድስት ዓመት የታሰሩት የጽዳት ሠራተኛ። የፖሊስ መታወቂያዋን ሲያዩ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቆሙ፤ ደግሞ ምን አጠፋሁ እንደሚል ሰው።

መርማሪዋ ሁሉንም ነገረቻቸው። ማስጠንቀቂያውን የነቀለው ማን እንደሆነ፣ በአንደበቱ ማመኑን፣ ፍርዳቸው እንደገና እንደሚታይ።

«እኔ እኮ ያን ቀን ጠዋት ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጨርቅሽ ነክቶት ነው የጠፋው አሉኝ። እሱም ፍርድ ቤት ቆሞ አይቻታለሁ አለ። የተማረ ሰው ነው፤ መቼም አይዋሽም አልኩ። ሁለቱም ጓደኞቼ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት እኔ የገደልኳቸው ነው የሚመስለኝ።»

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ታዲያ ጨርቄ አልነበረም?»

«አልነበረም እትዬ።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።