እንግዶቹ ያለፉበት ምሽት

መርማሪዋ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሣች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ሻይ ጣደች። ሁለት ብርጭቆ አወረደችና አንዱን መልሳ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ከባሏ ቀብር ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው፤ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም። ሻዩ ሳይፈላ ስልኳ ጮኸ።

«መነጽር ሠሪው ሞቷል» አላት የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ። «ማታ ከቤቱ ጣራ ላይ ወድቆ ነው። የተደገፈው የብረት አጥር ተነቅሎ አብሮት ወርዷል። አጥሩን የሠራውን በያጅ ይዘነዋል። ፋይሉን ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ ልልክ ነው፤ አንድ ጊዜ አይተሽ ፈርሚልኝ።»

«እስቲ ልየው» አለች።

የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እስቲ» ይሏታል። ብዙ ጊዜ ያለዚህ ቃል ጥያቄ አትጀምርም።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። በመንገዱ በኩል የሟቹ የመነጽር ሱቅና የበያጁ ሱቅ ጎን ለጎን ተዘግተው ቆመዋል። ጣራው ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። መርማሪዋ ወጥታ አጥሩ ተተክሎበት የነበረውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ንጹሕ ናቸው፤ የተሰነጠቀም የተሰበረም የለም። ወርዳ የወደቀውን አጥር አገላበጠች። ብየዳው እንዳለ ነው። ከብሎኖቹ ግን አንድም አልተገኘም።

የሟቹ ባለቤት ሳሎን ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ቋ ታደርጋለች። መብራቱ ይበራል፤ ይጠፋል።

«እስቲ የማታውን ይንገሩኝ፣ እናቴ።»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? እንደ ሁልጊዜው ነበር። ያቺ ሰው ያለባት የጠፈር ጣቢያ በላያችን የምታልፍበትን ሰዓት ስልኩ ይነግረዋል። ጣራ ላይ ይወጣና ‹እንግዶቹ መጡ!› ብሎ ይጮኻል። እኔ የቤቱን መብራት ሁሉ አጠፋለሁ። ለእንግዳ መብራት ይበራል እንጂ ይጠፋል ወይ እያልኩ ሳበሽቀው ነው የኖርኩት።» ፈገግ ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ግቢው ውስጥ፣ ከልጄ ጋር። ይኼ ጉልበት ደረጃ መቼ ያስወጣኛል! ሁላችንም ካለንበት ነው የምናያት። አናታችን ላይ ስትደርስ እሱ አጥሩን በጀርባው ይደገፍና አንጋጦ እጁን ያውለበልብላታል። ምን ያዩኛል ብሎ እንደሆነ እንጃ።»

«እስቲ፣ ሰማይ ላይ ምን አዩ?»

«በፀሐይ መጥለቂያው በኩል ወጣች። አናታችንን እንዳለፈች ድርግም አለች። ወዲያው ያን ድምፅ ሰማሁ።»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። እሷም ያየችው ያንኑ ነው። «አባባ ጥላ ውስጥ ገባች ይለን ነበር» አለች። «የራሷ ብርሃን የላትም። ፀሐይ ናት የምታበራት። የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ትጠፋለች።»

«አባትሽ ሰሞኑን የተጣላው ሰው ነበር?»

ልጅቷ ወደ በሩ ተመለከተች። «ከባሌ ጋር አይነጋገሩም ነበር። ምክንያቱን ሁለቱም አልነገሩኝም።»

ባልየው፣ ሹፌሩ፣ ከግቢው በር ውጭ መኪናውን ያጥባል። መኪናዋ ታጥባ አልቃለች፤ እሱ ግን ጨርቁን አያስቀምጥም። ከፊት መብራቶቿ አንዱ አርጅቶ ደብዝዟል፤ ሌላው አዲስ ነው።

«ይቺን ምን አገኛት?»

«ድንጋይ ፈንጥሮ ነው። የመንገድ ነገር።»

«እስቲ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ በሩ ላይ። ብዙ ጊዜ መንገድ ስለምውል እንግዶቹን አግኝቼ አላውቅም፤ ከትናንት በስቲያ ነው ከቤተሰቡ ጋር ያየኋቸው። ማታ ሁለተኛዬ ነው።»

«ምን አየህ?»

«ጣቢያዋን ነዋ! በፀሐይ መውጫ በኩል ካለው የውኃ ማማ ጀርባ እስክትገባ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩባትም። ዘወር ስል ነው የመውደቁን ድምፅ የሰማሁት።»

መርማሪዋ አመስግናው ወደ ሆስፒታል ሄደች። ከሟቹ ኪስ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም የመስታወት ስባሪ ወጥቶ ነበር። በብርሃን አየችው፤ ከውስጥ በኩል ሽንሽን ነው። የመነጽር መስታወት አይደለም።

በያጁ በታሰረበት ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

«እትዬ፣ ብየዳዬ ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም።»

«እንግዲያው! ብሎኖቹን በመፍቻ አጥብቄ ጭንቅላታቸውን ቀይ ፀረ ዝገት ቀብቻቸዋለሁ። በእጅ የሚወጡ አይደሉም። ጋሼ መነጽር ናቸው ሱቅ የሰጡኝ፤ እሳቸውን ልገድል? ከፈረዱብኝ አለቀልኝ። ከእንግዲህ በእኔ አጥር ልጁን የሚያስደግፍ ማነው?»

«እስቲ፣ ሰማይ ላይ ምን አየህ?»

«የታሰርኩት በሰማይ ጉዳይ ነው እንዴ?» አለ ተናዶ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ከሱቄ ደጃፍ ነበርኩ። እፍ እንዳሏት ሻማ ጠፋች። ከትናንት በስቲያ በጊዜ መጥታ ሰማዩን ጨርሳ ነበር የሄደችው። ማታ ግን አምሽታ መጥታ ቶሎ ከዳችን።»

አመሻሹ ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። በያጁ እጁ በካቴና ታስሯል። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ብየዳው አልተሰበረም» አለች መርማሪዋ። «ብሎኖቹ ናቸው አስቀድመው የተፈቱት። መነጽር ሠሪው አንጋጦ ሲደገፍ አጥሩ አብሮት እንደሚወርድ የፈታው ሰው ያውቃል። ልማዳቸውን ያየ የቤት ሰው ነው። ጣራው ላይ መገኘት አላስፈለገውም፤ መጠበቅ ብቻ ይበቃው ነበር።»

«መፍቻ ያለው በያጁ ነው» አለ አዛዡ።

«ሹፌርም አለው። ስለዚህ ሁሉንም ሰማይ ላይ ምን አያችሁ አልኩ። እናትና ልጅ አናታችንን አልፋ ጠፋች አሉ። በያጁም በሌላ ደጃፍ ሆኖ ያንኑ አየ። አንድ ሰው ብቻ ከማማው ጀርባ ስትገባ አየሁ አለ። ማታ ማማው ጋ አልደረሰችም። ያ ሰው የነገረኝ ከትናንት በስቲያ ያየውን ነው። ማታ ሁሉም ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ እሱ ሰማይ አላየም።»

ሹፌሩ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ተሳስቼ ይሆናላ! ኮከብ ተሳሳትክ ተብሎ ይታሰራል እንዴ?»

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ የወጣውን ጨርቅ ፈታች። «ባለፈው ሳምንት ንጋት ላይ አንዲት መንገድ ጠራጊ በመኪና ተገጭታ ሞታለች። ገጪው አልቆመም። ከስፍራው የተለቀመው የመብራት ስባሪ ፖሊስ ጣቢያ አለን፤ ይህ ቁራጭ ልክ ገጠመበት። መነጽር ሠሪ መስታወት አይቶ አያልፍም። ከመኪናህ ላይ ነው ያገኘው።»

ለፖሊሱ ጠቀሰችው። ከመኪናው የጎማ መፍቻ አምጥቶ አፉን በባትሪ አበራበት። ውስጡ ቀይ ቀለም ተፋፍቆ ይታያል።

ሹፌሩ የመኪና ማጠቢያ ጨርቁን አሁንም በእጁ ይዟል። «ራስህ ሄደህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለኝ» አለ። «ለምኜው ነበር። በልጅህ ስም ብዬ ለምኜው ነበር።»

ሚስቱ ወደ እሱ ቀረበች። «አባባ እጁን ሲያውለበልብ እያየኸው ነበር?»

ጨርቁን አጣጠፈው።

ወሰዱት። አዛዡ የበያጁን ካቴና ፈታና ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተመተመ። በያጁ አልሰማውም፤ የወደቀውን አጥር አንሥቶ ግድግዳው ላይ በጥንቃቄ አስደገፈ።

ባለቤቲቱ በመጥለቂያው በኩል ስታይ ቆይታ ድንገት ወደ ቤት ገባች። መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ተመልሳ መርማሪዋ አጠገብ ቆመች።

«ለነገሩ ሰዓቷን በየት አውቄ ነው?» አለች በጨለማው። «እሱ ነበር የሚጠራኝ።»

መርማሪዋ ልትላት የምትችለው ነገር ነበራት። ክንዷን ብቻ ያዘቻት።

ጣቢያዋ መጣች። ቀጥ ብላ፣ ሳትርገበገብ ወደ አናታቸው ወጣችና ጠፋች። ሁሉም አይተዋታል። «እንግዶቹ መጡ!» ያለ ግን አልነበረም።